«ቁርጥማት ያዘኝ» የሚለውን ሁሉ እንዴት ለይቼ ልርዳ?

ጤና ኬላ ጎዛምን (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባለ የጎዛምን ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ጤፉ ታጭዶ ውድማ ከገባ ወዲህ ደጃችን ላይ የሚቀመጠው ሰው የሚለው አንድ ነው፤ «ቁርጥማት ያዘኝ»። ቀረብ ብዬ ስጠይቅ ግን የአንዱ ካንዱ አይገናኝም። ለምሳሌ፦

– የ60 ዓመት እናት፦ ከዱካ ሲነሡ ሁለቱም ጉልበታቸው ይንቋቋል፣ ያማቸዋል። ዳገቱን ይወጡታል፤ ቁልቁለቱን ግን በጎን በጎን ነው የሚወርዱት።

– የ38 ዓመት አራሽ፦ ከወገቡ ተነሥቶ በመቀመጫውና በባቱ አድርጎ እስከ እግሩ ጣት የሚወርድ ሕመም አለው። ሲያስለው ይብስበታል።

– የ52 ዓመት ሰው፣ ስኳር አለባቸው፦ ግራ እጃቸውን አንሥተው ጋቢ ማጣፋት አቅቷቸዋል።

– የ35 ዓመት ሴት፦ ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል። ሊጥ የምትነካው ረፋዱ ላይ ነው።

ራጅ የለኝ፣ ላቦራቶሪ የለኝ፤ ያለኝ እጄና ዓይኔ ነው። ማንን እዚሁ ልያዝ፣ ማንን ወደ ጤና ጣቢያ ልላክ? ምን ዓይነት እንቅስቃሴስ ላሳያቸው? ደግሞ ብዙዎቹ እኔ ዘንድ የሚደርሱት ከተማ ወርደው መርፌ ተወግተው ወይም ወጌሻ ቤት ታሽተው ነውና ስለሱም ብትነግሩኝ።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ደብረ ማርቆስ

እህቴ፣ «ቁርጥማት» ማለት «ራሴን አመመኝ» እንደማለት ነው፤ ምክንያቱን አይነግርሽም። እጅና ዓይን ካለሽ ግን አብዛኛውን ትለይዋለሽ። ሦስት ነገር ጠይቂ።

ጠዋት ሲነሡ መገጣጠሚያው ደርቆ ስንት ጊዜ ይቆያል? ሰዓት ለማያይ ሰው «እሳት አንድደሽ ቡናው እስኪፈላ ይለቅሻል ወይስ ከብቱ ወጥቶ ፀሐይ ሞቆም አልለቀቀሽም?» በይ። ከ30 ደቂቃ በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ ልም አጥንቱ (መገጣጠሚያው ውስጥ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ክፍል) ሳስቷል ማለት ነው። 1 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋን ተቆጥቷል፤ ይህ ሌላ በሽታ ነው።

ሁለተኛው፣ ሥራ ሲበዛ ነው የሚብሰው ወይስ ተኝተውም ያማል? ሦስተኛውን በእጅሽ ነው የምትጠይቂው። ሕመምተኛው ራሱ ማንሣት ያቃተውን እጅ አንቺ ስታነሺለት ከወጣ፣ ችግሩ ጡንቻው ወይም ጅማቱ ዘንድ ነው። አንቺም ስታነሺው ከታገተ፣ የተያዘው መገጣጠሚያው ነው።

አሁን ወደ እናታችን ልምጣ፤ ቀበሌሽ ውስጥ እንደሳቸው ያለ ሰው ብዙ ነውና። ዕድሜያቸው ከ45 በላይ፣ ሕመሙ ከሥራ ጋር የሚመጣ፣ የጠዋቱ መድረቅ አጭር፣ ጉልበቱ ሲነኩት የማይግል ከሆነ የልም አጥንት መሳሳት ነው ብለሽ መያዝ ትችያለሽ። ቁልቁለት ለምን ባሰባቸው? ወደ ታች ስንወርድ የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል። በዚያ ጊዜ የጉልበት ሎሚን ከጭን አጥንቱ ጋር አጥብቆ ያጣብቀዋል። ዱካም እንዲሁ ነው፤ መቀመጫው ባጠረ ቁጥር ጉልበቱ ይበልጥ ይታጠፋል፣ ለመነሣት የሚጠይቀው ኃይልም ይጨምራል። ስለዚህ የምንሠራው በሁለት ወገን ነው፤ ጡንቻውን ማበርታት፣ መቀመጫውን ማስረዘም።

ጡንቻውን ለማበርታት ሦስት እንቅስቃሴ ይበቃል። የመጀመሪያው፣ እግር ዘርግቶ ተቀምጦ ከጉልበት ሥር የተጠቀለለ ነጠላ አድርጎ ወደ ታች መጫን ነው። 5 ሰኮንድ ይያዝ፣ ይለቀቅ፣ 10 ጊዜ፤ በቀን ሦስት ዙር። ሁለተኛው፣ በጀርባ ተኝቶ አንዱን ጉልበት አጥፎ፣ ሌላውን እግር ሳያጥፉ አንድ ስንዝር ያህል ማንሣት፤ ይህም 5 ሰኮንድ፣ 10 ጊዜ። ሦስተኛውና ዋናው ከመደብ መነሣት ነው። መደቡ ላይ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ አጣጥፈሽ ከፍ አድርጊው፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ይነሡ፣ ቀስ ብለው ይቀመጡ፣ 8 ወይም 10 ጊዜ፤ አርፈው ይድገሙ። ሲበረቱ ከሥር አንድ እጥፋት አንሺ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሲቀመጡ ዘፍ በማለታቸው ነው፤ ጡንቻው በደንብ የሚሠራው ቀስ ብሎ ሲወርዱ ነውና ጥቅሙ ግማሹ ቀረ ማለት ነው።

ሲሠሩ ትንሽ ቢያማቸው አትደንግጪ። ሕመሙ በማግስቱ ወደ ቀድሞው ከተመለሰ ልኩ ያ ነው፤ ካደረና ጉልበቱ ካበጠ ቁጥሩን በግማሽ ቀንሺ። ለውጡ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃልና ከጅምሩ ንገሪያቸው። አለበለዚያ በ10 ቀን «አልረዳኝም» ብለው ይተዉታል።

«ክብደት ይቀንሱ» የሚለው ምክር በመጽሐፍ ሁሉ አለ፤ ከተማ ላለ ወፍራም ሰው እውነት ነው። 1 ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 4 ኪሎ ይቀንሳል። የገጠር እናቶቻችን ግን ብዙዎቹ ቀጫጭን ናቸው። የሳሳው ጡንቻቸው ነውና ይህን ምክር ለሁሉም አታድይ።

ምርኩዝ ከታመመው እግር ተቃራኒ በሆነው እጅ ነው የሚያዘው። ሰው ሁሉ በታመመው ወገን ይይዘዋል፤ ያኔ ሰውነቱ ወደ ሕመሙ ይዘነበላል። ቁመቱ፣ ቆመው እጃቸውን ሲያንጠለጥሉ የእጅ አንጓቸው ድረስ ይሁን። መቋሚያ ለቅዳሴ ማሳረፊያ ነው እንጂ ለመራመጃ ይረዝማል። ሽንት ቤቱም ቁጢጥ የሚያስብል ከሆነ መሃሉ የተቆረጠ ወንበር ማሠራት ከማንኛውም ኪኒን ይሻላል።

የቀሩትን ማታ እመለስባቸዋለሁ።

ቢቸና ነኝ

ከዚህ ሁሉ በፊት ራጅ ቢነሡ አይሻልም? አንድ ጊዜ ታይቶ ቁርጡ ቢታወቅ።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ደብረ ማርቆስ

ለጉልበቱ አይሻልም። ራጃቸው ክፉኛ የተበላሸ ሆኖ የማያማቸው አሉ፤ ራጃቸው ደህና ሆኖ መራመድ ያቃታቸውም አሉ። ሕክምናውን የሚለውጠው ነገር ሲኖር ነው ራጅ የሚያስፈልገው፤ ወድቀው ከሆነ፣ ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ሕመም ካለ፣ ወይም ክብደት እየቀነሱ ከሆነ። ከዚያ ውጭ የመኪና ገንዘቡን ለወንበሩ ያውሉት።

አራሹ። እርፉን በአንድ እጅ ጨብጦ፣ በሌላው ጅራፍ ይዞ፣ ጎንበስና ዞር ብሎ ነው የሚውለው። ጎንበስ ብሎ መዞር ዲስክን፣ በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለውን ትራስ፣ በጣም ከሚጎዱት አቋሞች አንዱ ነው፤ ለጤፍ ደግሞ ማሳው ተደጋግሞ ይታረሳል። ሕመሙ ከጉልበት በታች መውረዱና በሳል መባሱ ዲስኩ ነርቭ እንደነካ ያመለክታል። በጀርባው አስተኝተሽ እግሩን ሳታጥፊ አንሺው። ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው መሃል ከጉልበት በታች የሚሰነጥቅ ሕመም ከመጣ ጥርጣሬሽ ይጠናከራል። ቀጥሎ በተረከዙ፣ ከዚያ በጣቶቹ ጫፍ እንዲራመድ አድርጊው። አንደኛው እግሩ ካቃተው ነርቩ ደክሟል፤ ላኪው።

ኃይሉ ደህና ከሆነ ግን አብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል፤ ሳምንታት ይፈጃል እንጂ። አልጋ ላይ ከ1 ወይም ከ2 ቀን በላይ መተኛት ጡንቻውን ያደክማል፤ «ሰሌን ላይ 1 ወር ተኛ» የሚለውን ምክር አስቀሪው። ሲጨንቀው በጀርባው ተኝቶ ባቶቹን በርጩማ ላይ ይስቀል፤ ዳሌውና ጉልበቱ እንደ ወንበር ይታጠፉ፣ 10 ደቂቃ። ከዚያ በሆዱ ተኝቶ በክርኑ ደገፍ ይበል። ሕመሙ ከእግሩ ተነሥቶ ወደ ወገቡ ከተሰበሰበ ወገቡ ቢብስበት እንኳ ጥሩ ምልክት ነው፣ ይቀጥል። ወደ እግሩ ከወረደ ያቁም። በየ2 ሰዓቱ አጭር መንገድ ይራመድ። ኩንታል መሸከም ለጊዜው ይቅር፤ 100 ኪሎ ለደህናም ወገብ ብዙ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳያመልጥሽ። ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ካመለጠ፣ መቀመጫውና ብልቱ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግር ከዛለ፣ ያንኑ ዕለት ሆስፒታል መድረስ አለበት። ነገ አይባልም።

ባለ ጋቢው ሰው። ክርናቸውን ጎናቸው ላይ አስይዘሽ ክንዳቸውን ወደ ውጭ አዙሪው፣ በር እንደመክፈት። አንቺም ስታዞሪው ካልሄደ ትከሻው ተቆልፏል ማለት ነው። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይበዛል፤ ከ40 እስከ 60 ዓመት ነው የሚመጣው፤ ከ1 እስከ 3 ዓመት ይቆያል። የጎጃም ሰው መድኃኒቱን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ነው የሚዞረው፤ ዱላውን ማለቴ ነው። በጀርባቸው ተኝተው ዱላውን በሁለት እጅ ይያዙ፤ ደህናው እጅ እየገፋ የታመመውን ከራስ በላይ ይውሰድ። ቀጥሎ ክርናቸው ጎናቸውን ሳይለቅ፣ ደህናው እጅ በዱላው የታመመውን ወደ ውጭ ይግፋው። እያንዳንዱ 10 ጊዜ፣ በቀን ሁለቴ። «እስኪያለቅስ ይጎተት» የሚለው ስሕተት ነው፤ በተለይ ሕመሙ ትኩስ በሆነባቸው የመጀመሪያ ወራት በኃይል መጎተት ያባብሰዋል። ስኳራቸውንም ይለኩ።

የ35 ዓመቷን ሴት እዚያ አታቆያት። የሁለቱንም እጅ መዳፍ በጎን ጨብጠሽ የጣቶቹን ሥር አንጓ ጨመቅ አድርጊ። ካመማት፣ እብጠቱ ጥፍሩ አጠገብ ካለው አንጓ ይልቅ በመሃለኛውና በሥሩ ከሆነ፣ 6 ሳምንት ካለፈው፣ ሩማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ ቁጣ ነው የሚጠረጠረው። ይህ በሽታ አጥንት የሚበላው ገና በመጀመሪያዎቹ ወራትና ዓመታት ነው። ጣቷ ከተጣመመ በኋላ መላክ ዘግይቶ መላክ ነው።

ፋርማሲስት፣ ቡሬ

ስለ መርፌው ልጨምር። የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ 75 ሚሊግራም መርፌና ኪኒኑ አንድ መድኃኒት ናቸው። መርፌው ትንሽ ቶሎ ይሠራ ይሆናል፤ ከዚያ በቀር ብልጫ የለውም፣ መቀመጫ ላይ ያለ ቦታው ሲወጋ ነርቭ ይጎዳል። «በመርፌ ከሆነ ጨጓራ አይነካም» የሚባለውም ልክ አይደለም፤ በደም በኩልም ያንኑ ጨጓራ ያገኘዋል። የቀን ጣሪያው በኪኒንም በመርፌም ተደምሮ 150 ሚሊግራም ነው። ከአይቡፕሮፌን ጋር ደርቦ መውሰድ ሕመሙን ከአንዱ የበለጠ አያስታግስም፤ የሚደርበው ጉዳቱን ነው።

በኛ አገር የሚረሳው ጾሙ ነው። እስከ 9 ሰዓት በባዶ ሆድ ውሎ ጠዋት ዳይክሎፌናክ የዋጠ ሰው ጨጓራው ቢቆስል አይግረማችሁ። ከዕለቱ ጾም መፍቻ ምግብ በኋላ ይዋጥ፤ ወይም በፓራሲታሞል ይለወጥ፤ እሱ ምግብ አይጠይቅም፤ 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ግራም አይበልጥ። ለቀጫጫና ለአረጋዊ ከዚያ ማነስ አለበት። ደም ግፊት፣ የኩላሊት ሕመም፣ የቀድሞ የጨጓራ ቁስለት ላለበትና ለነፍሰ ጡር ዳይክሎፌናክ አትስጡ። ለጉልበትና ለጣት ቅባቱ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ መቀባቱ ከኪኒኑ ይቀድማል፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነውና።

ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን «የቁርጥማት ኪኒን» ተብለው ያለ ትእዛዝ ሲዋጡ እናያለን። በ1 ቀን ተአምር ይሠራሉ፤ ስኳር ይጨምራሉ፣ አጥንት ያሳሳሉ፣ ኢንፌክሽን ይደብቃሉ። ለሳምንታት የወሰደን ሰው ግን በድንገት አቁም አትበሉ፤ ሰውነቱ የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረት ትቷልና ሊወድቅ ይችላል። ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስለት።

ለሩማቶይድ ሜቶትሬክሴት ከታዘዘ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚዋጠው። ይህን ቀን እንደ ሰንበት ለይታ ትያዘው፤ በየቀኑ የዋጠ ሰው መቅኔው ተጎድቶ ሊሞት ይችላል። ከማርገዟ በፊትም መቆም ያለበት መድኃኒት ነው።

ሪህ ከዚህ ሁሉ ይለያል። ሌሊት ድንገት አውራ ጣት እግር ይቀላል፣ ይግላል፣ አንሶላ ሲነካው ያስጮኻል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ጣራው ላይ ይደርሳል። ብዙ ጊዜ ወንድ፣ ከ40 በላይ። በሕመሙ ሰዓት በደም የተለካ ዩሪክ አሲድ (ሪህን የሚያመጣው ንጥረ ነገር) ደህና ሆኖ ሊወጣ ስለሚችል «የለበትም» አትበሉ። ጠላውና አረቄው ይቅር። ሽሮና ምስርን ግን ያለ ጥፋታቸው ነው የምንከለክለው፤ የእህል ፑሪን (ሰውነት ውስጥ ዩሪክ አሲድ የሚሆነው) እንደ ጉበትና ኩላሊት ሥጋ ሪህን አያስነሣም። ለጾመኛ ሰው ሽሮ ከልክሎ ምን ሊበላ ነው?

ጤና ኬላ ጎዛምን

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ልጅ ረስቼ ነበር፣ 9 ዓመቱ። ባለፈው ሳምንት ጉልበቱን አለ፤ እሱ ሲተወው ቁርጭምጭሚቱን፣ አሁን ደግሞ ክርኑን። ወጌሻ አይቶት «ወለም ብሎት ነው» አለ። ከዚያ በፊት ጉሮሮውን ታሞ ነበር።

የአጥንት ክፍል ነርስ፣ ባሕር ዳር

ይህን ልጅ ዛሬ ላኪው። ወለምታ ከጉልበት ወደ ክርን አይዞርም። ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለ ልጅ፣ ከጉሮሮ ሕመም ከ2 ወይም 3 ሳምንት በኋላ፣ ከመገጣጠሚያ መገጣጠሚያ የሚዞር ሕመም የልብ ክዳን የሚጎዳው የሩማቲክ ትኩሳት ነው ተብሎ ነው የሚጠረጠረው። የመገጣጠሚያው ሕመም በራሱ ይጠፋል፣ ልቡ ግን ተጎድቶ ሊቀር ይችላል። ማስታገሻ ሰጥተሽ አትመልሺው፤ ምልክቱን ያጠፋብሻል። ከተረጋገጠ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይወስዳል።

ሕመሙ የማይዞር ሆኖ አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ቢያብጥ፣ ቢግል፣ ትኩሳት ቢኖረው፣ ልጁ እግሩን አልረግጥ ቢል ደግሞ ውስጡ መግል ሊሆን ይችላል። መግል ልም አጥንትን በቀናት ውስጥ ይጨርሰዋል። ለአዋቂም ያው ነው።

በወገብ ሕመምም ሁለት ጥያቄ ጨምሪ። «ጥሬ ወተት ትጠጣላችሁ? ላም ጨንግፋባችሁ በእጃችሁ ነክታችኋል?» ከወገብ ሕመሙ ጋር የሚመላለስ ትኩሳትና ላብ ካለ ብሩሴላ (ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ) ይታሰብ፤ ሕክምናው ቢያንስ 6 ሳምንት ነው። ሌሊት የሚብስ፣ ክብደት የሚያስቀንስ፣ አከርካሪው ላይ ጉብ ያለ ነገር የሚታይ ከሆነ የአከርካሪ ቲቢ ነው የሚፈራው፤ ሳል ላይኖረው ይችላል።

ወጌሻን በተመለከተ፣ «አትሂዱ» ማለት ብቻ አይሠራም። ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ይታመናል። ከቀበሌያችሁ ወጌሻ ጋር ቁጭ ብለሽ በሦስት ነገር ብትስማሙ ይሻላል። ቆዳ ቀድዶ የወጣ አጥንት አይነካ። አዲስ እብጠት ላይ 2 ወይም 3 ቀን ማሸት የለም፤ ውስጡ እየደማ ነውና ማሸቱ ደሙን ይጨምረዋል። በቀርከሃ ያሰረው እጅ ወይም እግር ጣቶቹ ውጭ ይታዩ።

ሦስተኛው ነው እጅ የሚያስቆርጠው። እግር ወይም ክንድ ከተሰበረ በኋላ ለቀናት ያብጣል። ማሰሪያው ግን አይለጠጥም። ውስጡ ያለው ግፊት ሲጨምር ደም ወደ ጡንቻው መግባት ያቅተዋል፤ 6 ሰዓት ገደማ ሲሆን ጡንቻው መሞት ይጀምራል። የመጀመሪያው ምልክት ጣት መጥቆር አይደለም፤ ያ የመጨረሻው ነው። ሕመሙ ከታሰረ በኋላ እየባሰ ከሄደና ጣቶቹን ቀስ ብለሽ ስትዘረጊያቸው ከጮኸ፣ የደም ትርታው ቢኖርም ማሰሪያውን እስከ ቆዳው ድረስ ቁረጪው። እግሩን ከልብ በላይ አትስቀዪ፤ በዚህ ሰዓት የሚገባውን ደም ይቀንስበታል። ከዚያ ላኪው።

ቁርጭምጭሚት ለታጠፈበት ሰው፦ ከአደጋው በኋላም አሁንም 4 እርምጃ መራመድ ካልቻለ፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱን አጥንት የኋላ ጠርዝ ከጫፉ እስከ 6 ሳንቲሜትር ስትጫኚ አጥንቱ ላይ ካመመው፣ ወይም በትንሿ ጣት በኩል የእግሩን ጎን መሃል ስትጫኚ ካመመው፣ ራጅ ያስፈልገዋል። ከነዚህ አንዱም ከሌለ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የተነከረ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ፣ ልል ፋሻ፣ እግር ከፍ ማድረግ። ከቀናት በኋላ በአንድ እግር 30 ሰኮንድ መቆም ይለማመድ። ይህን የዘለለ ሰው ነው ያው እግር በየዓመቱ የሚታጠፍበት።

ጤና ኬላ ጎዛምን

ልጁ ሄዷል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሙቅ ውኃ ወይስ ቀዝቃዛ? እናቶቹ ሁሉ ሙቅ ጨው ውኃ ነው የሚሉት። ደግሞ የጉልበቱ እንቅስቃሴ መርዳቱን በምን ልወቅ?

ፊዚዮቴራፒስት፣ ደብረ ማርቆስ

ከሰሞኑ ለተመታና ለሚግል ቀዝቃዛ፤ ለቆየና ለደረቀ ሙቅ። ጨው አይጎዳም፣ አይጨምርምም። ስኳር ያለባቸው ሰው ግን እግራቸውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ከመንከራቸው በፊት ሌላ ሰው በክርኑ ይለካላቸው፤ እግራቸው ደንዝዞ ሳያውቁት ይቃጠላሉ።

መርዳቱን ለማወቅ በስልክሽ 30 ሰኮንድ ያዢ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከመደቡ እጃቸውን ሳይደገፉ ስንት ጊዜ እንደተነሡ ቆጥረሽ ካርዳቸው ላይ ጻፊ፤ የመደቡ ከፍታ ስንት ስንዝር እንደሆነም ጨምሪ። በ6ኛው ሳምንት በዚያው መደብ፣ በዚያው ከፍታ ድገሚው። ቁጥሩ ካልጨመረ መጀመሪያ እንዴት እንደሚሠሩት አሠርተሽ እዪ። ዘፍ እያሉ ይሆናል።